የመጨረሻው መቶ ሺህ ዶላር፦ የነፃነት ሐውልት መቆሚያ በሕዝብ መዋጮ እንዴት አለቀ

በ1885 መግቢያ ላይ በኒውዮርክ ወደብ በምትገኘው ቤድሎ ደሴት የግንባታ ሥራ ቆሞ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 27 ሺህ ቶን የሚመዝነው የኮንክሪት መሠረት ተሞልቷል፤ ሐውልቱ የሚያርፍበት መቆሚያ ግን አላለቀም። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ሐውልቱ ተሠርቶ፣ ተፈታትቶ፣ በሳጥን እየታሸገ ነው። ግንባታውን የያዘው የአሜሪካ ኮሚቴ ባንክ ውስጥ የቀረው 3 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የሚጎድለው 100 ሺህ ነው። ቦስተንና ፊላደልፊያ «ወጪውን እኛ እንቻል፣ ሐውልቱ ወደኛ ይምጣ» ማለት ጀምረዋል።

ከዚያ በኋላ በአምስት ወር ውስጥ ከ120 ሺህ በላይ ሰው ተሳትፎ 102 ሺህ ዶላር ገደማ ተዋጣ። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው «ሀብታሞች ያቃታቸውን ድሆች ፈጸሙት» ተብሎ ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። እስከ 1884 መጨረሻ ኮሚቴው 182 ሺህ ዶላር ገደማ ሰብስቦ፣ ጥቂት ሲቀር ሁሉንም ሥራ ላይ አውሎት ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 284 ሺህ ዶላር ይሆናል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ገደማ የገባው ሰፊው ሕዝብ ከመጠራቱ በፊት ነው ማለት ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለእድር አዳራሽ ገቢ ለማሰባሰብ የሚያቅድ ሰው ከዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ሊያይ የሚገባው ይህንን ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጣበት ዘመቻ የታወቀ ጉድለትን ይዘጋል። ገና መሬት ላይ ያልታየ ሥራን ለማስጀመር ግን አቅሙ ደካማ ነው።

ስምምነቱ

ውሉ ቀላል ነበር፦ ሐውልቱን የፈረንሳይ ሕዝብ ይሰጣል፣ መቆሚያውን የአሜሪካ ሕዝብ ይሠራል። የፈረንሳዩ ማኅበር በ1875 ተቋቁሞ ወደ 250 ሺህ ዶላር የሚገመተውን ወጪ በአምስት ዓመት አካባቢ ሸፈነ። አንድ መንገድ ብቻ ይዞ አልተጓዘም። ከከተሞች መዋጮ ሰበሰበ፣ የሐውልቱን ትንንሽ አምሳያዎች ሸጠ፣ በ1879 መንግሥት የፈቀደለትን 300 ሺህ ትኬት ያለው ሎተሪ አወጣ። ከመዳቡም አብዛኛውን ሰክሬታን የተባለ የመዳብ ነጋዴ በዓይነት ለገሰ።

ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ግን ከሥራው አንዱን ክፍል አስቀድሞ ማሳየቱ ነው። ችቦውን የያዘው ክንድ በ1876 ፊላደልፊያ በተካሄደው የአሜሪካ ነፃነት የመቶ ዓመት ኤግዚቢሽን ቆሞ፣ ጎብኚዎች 50 ሳንቲም እየከፈሉ እስከ ችቦው በረንዳ ይወጡ ነበር። ከዚያም ኒውዮርክ ሄዶ ማዲሰን አደባባይ መናፈሻ እስከ 1882 ቆየ። ሰው ለመውጣት ከፈለ፤ ያ ግን የመቆሚያውን ገንዘብ አላመጣም። ክንዱ ሥር ቆሞ ለሚያየው ሰው ምን ያህል እንደጎደለና የእሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚነግር ነገር አልነበረም። ዛሬም የሕንፃውን ሥዕል በትልቅ ባነር አሠርተው ሰቅለው፣ የሚፈለገው ገንዘብ ስንት እንደሆነና እስካሁን ስንት እንደገባ ሳይጽፉበት የሚቀሩ ኮሚቴዎች ብዙ ናቸው።

እግረ መንገዳችንን ለእኛ አንባቢ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። ቀራጺው ባርቶልዲ ከዚህ በፊት ለስዊዝ ቦይ መግቢያ ችቦ የያዘች ግዙፍ ሴት ሐውልት ነድፎ ለግብፁ ገዥ ለኢስማኤል ፓሻ አቅርቦ፣ በወጪው ምክንያት ሳይሠራ ቀርቶበታል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጉንደትና ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ የተሸነፈውን ጦር የላከው ያው ኢስማኤል ነው። በዚያን ጊዜ የግብፅ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው አሜሪካዊው ቻርለስ ስቶን ደግሞ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ የዚህ መቆሚያ ዋና መሐንዲስ ሆነ። ያ ትልቅ የኮንክሪት መሠረት የፈሰሰው በእሱ መሪነት ነው።

ገንዘቡ ለምን ቆመ

የአሜሪካው ኮሚቴ የተቋቋመው በ1877 ነው። ሰብሳቢው የታወቀው የሕግ ሰው ዊልያም ኤቫርትስ ነበር። የምር መሰብሰብ የተጀመረው ግን ወደ 1882 አካባቢ ነው። የታወቁ ሰዎች ሰጡ፣ ኤግዚቢሽንና ልዩ ልዩ ዝግጅት ተካሄደ፣ ገንዘቡም መጣ። ሆኖም ሥራው መሀል መንገድ ላይ ቀረ።

አንደኛው ምክንያት የወጪ ግምቱ ነው። ሥራው የሚያርፈው በአሮጌ ምሽግ ግቢ ውስጥ በመሆኑ መሠረቱ ከታሰበው በላይ ገንዘብ በላ። አርክቴክቱ ሪቻርድ ሞሪስ ሃንት መቆሚያውን በመጀመሪያ 114 ጫማ (ወደ 35 ሜትር) አድርጎ የነደፈው ሲሆን፣ ወጪ ለመቀነስ ወደ 89 ጫማ (27 ሜትር) ወረደ። አርማታ ግድግዳው ላይ ግራናይት እንዲለበጥ የተደረገውም ከድፍን ግራናይት ስለሚረክስ ነው። እንዲህ ያለ ቅነሳ የሚጠቅመው ገንዘብ መጠየቅ ከመጀመሩ በፊት ሲደረግ ነው። ሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ የተጠራ ቁጥር ሲያድግ ሰጪው «ያኛውስ የት ገባ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ አፈሩ ሳይመረመርና የመሠረቱ ጥልቀት ሳይታወቅ የጠቅላላ ዋጋ ቁጥር ይፋ መሆን የለበትም። መሠረት፣ ግድግዳና ጣሪያ ለየብቻ ተተምነው፣ የዋጋ ንረት መጠባበቂያ ተጨምሮባቸው ነው መቅረብ ያለባቸው። አገር ቤት ውስጥ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ በወራት ልዩነት ሲለዋወጥ እያየን 10 በመቶ መጠባበቂያ መያዝ አይበቃም፤ 20 እና 25 በመቶ መያዝ ነው።

ሁለተኛው የመንግሥትን በጀት መጠበቃቸው ነው። በ1884 የኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት 50 ሺህ ዶላር ቢፈቅድም፣ ገዥው ግሮቨር ክሊቭላንድ ውድቅ አደረገው። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረሱ 100 ሺህ እንዲሰጥ የተደረገው ሙከራም ከሸፈ። ያልተፈረመ በጀት የገቢ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ሲደመር፣ የሌለ ገንዘብ ተይዞ ሥራ ይጀመራል፣ ከዚያም ይቆማል።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው፣ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለሕዝቡ አለመለየቱ ነው። ሌላው የአሜሪካ ክፍል «ሐውልቱ የኒውዮርክ ነው፣ ኒውዮርክ ይክፈል» አለ። የኒውዮርክ ተራ ሰው የሀብታሞች ጉዳይ ነው ብሎ ተወው። ሀብታሞቹም የሰጡት ሰጥተው፣ ቀሪዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እዚህም ሆነ ውጭ አገር ያለው ማኅበረሰባችን ይህን በሽታ ያውቀዋል፦ «የዲያስፖራ ነገር ነው»፣ «የአካባቢው ተወላጅ ይቻለው»፣ «የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ይጨነቅበት»።

አንድ ሰው፣ ሁለት ዘመቻ፣ ሁለት ውጤት

ጆሴፍ ፑሊትዘር ከሃንጋሪ የመጣ ስደተኛ ነው። «ዘ ዎርልድ» የተባለውን የኒውዮርክ ጋዜጣ በ1883 እንደገዛ ወዲያው ለመቆሚያው መዋጮ ጠይቆ ነበር፤ የተገኘው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ማርች 16 ቀን 1885 ዳግመኛ ጠየቀ፤ ኦገስት 11 ላይ ዒላማው ሞላ። ጠያቂው ያው ነው፣ ጉዳዩም ያው ነው። በሁለቱ ዓመት መካከል የተለወጠውን ማየት ለዕቅድ አውጪ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል።

በ1883 የሚታይ ነገር አልነበረም፤ በ1885 መሠረቱ ደሴቱ ላይ ተገትሯል። በ1883 ጉድለቱ ስንት እንደሆነ ማንም ቁርጡን አያውቅም፤ በ1885 ቁጥሩ አንድ፣ ክብና ለልጅ እንኳ የሚገባ ነው፦ መቶ ሺህ ዶላር። በ1883 ቀነ ገደብ የለም፤ በ1885 ሐውልቱ መርከብ ላይ ሊጫን ነው፣ ማረፊያ ከሌለው አገር ይዋረዳል። ጋዜጣው ሲገዛ የሚታተመው 15 ሺህ ኮፒ አካባቢ ነበር፤ በ1884 ከ100 ሺህ አልፏል። ያለ መድረክ የሚጠራ ሕዝብ የለም፤ የኮሚቴ ዕቅድ «ስንት ሰው ጆሮ ይደርሳል?» የሚለውን በቁጥር ካልመለሰ ገና አልታቀደም።

ፑሊትዘር የባለቤትነቱንም ጥያቄ በመጀመሪያው ጽሑፍ ቆረጠው። ሐውልቱ የፈረንሳይ ሚሊየነሮች ለአሜሪካ ሚሊየነሮች የሰጡት ሳይሆን፣ የፈረንሳይ ሕዝብ ለአሜሪካ ሕዝብ የሰጠው ነው አለ፤ ስለዚህ ሚሊየነሮቹን አንጠብቅ። ቃልም ገባ፦ የሰጠው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የእያንዳንዱ ሰው ስም ይታተማል።

በየቀኑ ምን ይሠራ ነበር

ጥሪው አንድ ቀን ተጮኾ የተተወ አልነበረም፤ አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ ወጣ። የገባው ድምር፣ የሰጪዎች ስምና መጠን፣ ከገንዘቡ ጋር የተላከ ደብዳቤ ይታተማል። «በዓለም ላይ ብቻዋን የሆነች ወጣት» ከራሷ ቀንሳ 60 ሳንቲም ላከች። አንድ የቢሮ ተላላኪ ልጅ 5 ሳንቲም፣ ሰርከስ ለመግባት ያጠራቀሙ ሕፃናት አንድ ዶላር፣ አይዋ ግዛት ዳቨንፖርት ያለ የሙአለ ሕፃናት ክፍል 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም። ብሩክሊን ውስጥ ከመጠጥ ሱስ ለማገገም የተጠለሉ ሰዎች 15 ዶላር አዋጡ፤ በየመጠጥ ቤቱም ሣጥን ተቀመጠ።

አንዲት የታተመች መስመር አራት ሥራ ትሠራለች። ለሰጪው ደረሰኝ ናት፤ ምስጋና ናት፤ ገንዘብ ያዡ ያልመዘገበው ሳንቲም ወዲያው ስለሚታወቅ ቁጥጥር ናት፤ ለሚያነባት ጎረቤት ደግሞ ግብዣ ናት። 5 ሳንቲም ታትሞ ያየ ሰው «የኔማ ትንሽ ናት» የሚለው ምክንያት ይወድቅበታል። የእኛ ኮሚቴዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ከላይ ያሉትን አሥር ትልልቅ ሰጪዎች ብቻ በመድረክ ጠርተው፣ ሌላውን «ለተባበራችሁን ሁሉ እናመሰግናለን» በሚል በማለፍ ነው። ቀጥሎ ሲጠየቅ ያ «ሁሉ» አይመጣም።

ስሙ እንዲጠራ የማይፈልግ ሰጪም አለ። ለዚህ የራሳችን ጥሩ ልማድ አለን፦ በክርስትና ስም መመዝገብ። ወለተ ማርያም 200 ብር፣ ገብረ ሚካኤል 50 ብር ተብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ሰውዬው ራሱን ያገኘዋል፣ ሌላው አያውቀውም። ለሌላውም ሰጪ የደረሰኝ ቁጥር ብቻ መለጠፍ ይበቃል።

በዘመቻው መካከል ጁን 17 ቀን ኢዜር የተባለችው መርከብ ሐውልቱን በ214 ሣጥን ይዛ ደረሰች፤ ወደ 200 ሺህ ሰው ወደቡ ዳር ወጥቶ ተቀበላት። ማንኛውም ዘመቻ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ይሞቃል፣ መሀሉ ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መሀሉ ላይ እውነተኛ ክንውን እንዲያርፍ አስቀድሞ ማቀድ ያስፈልጋል፦ የመሠረት ድንጋይ፣ የመጀመሪያው ወለል አርማታ፣ የመጀመሪያዎቹ 40 ዴስኮች ርክክብ። ያልተፈጸመ ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ ማክበር ግን የቀረውን እምነት ይጨርሳል።

ኮሚቴውም በበኩሉ 1 ዶላር ለሰጠ 6 ኢንች፣ 5 ዶላር ለሰጠ 12 ኢንች ቁመት ያላት የሐውልቱን አምሳያ አቀረበ። ይህ ዓይነቱ መንገድ ዛሬ ቲሸርትና ኩባያ ሆኗል። ቲሸርቱ በ350 ብር ተሠርቶ በ500 ከተሸጠ የገባው 150 ብር ነው፤ ያልተሸጡት 80 ቲሸርቶች ደግሞ 28 ሺህ ብር ይዘው መጋዘን ይቀመጣሉ። አስቀድሞ ከፍሎ ላዘዘ ብቻ ማሠራት ይሻላል።

ወደ እኛ ሒሳብ ሲመጣ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» በየስብሰባው ይጠቀሳል። ሎሚዎቹን ቆጥሮ የሚያድል፣ ያልወሰደውን የሚያስታውስ ሰው ግን አይመደብም። ከሰብሳቢነት ይልቅ ለዚህ ሥራ ነው ሰው የሚያስፈልገው።

ለምሳሌ የአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ለመጨመር 3 ሚሊዮን ብር ይፈልጋል እንበል። የኒውዮርኩን መጠን ይዘን ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ከጥቂት ሰጪዎች እንፈልግ፦ አንድ 500 ሺህ፣ ሁለት 250 ሺህ፣ አምስት 100 ሺህ፣ አሥር 40 ሺህ። ይህ 18 ሰጪ፣ 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ይሆናል። ከሚጠየቁ ሦስት ወይም አራት ሰዎች አንዱ ይሰጣል ብሎ መያዝ ስለሚበጅ፣ ስማቸው ተጽፎ ማን እንደሚያነጋግራቸው የተመደበላቸው 60 ያህል ሰዎች ያስፈልጋሉ። እነዚህ በደብዳቤ አይጠየቁም፤ የሚያከብሩት ሰው ቤታቸው ወይም ቢሮአቸው ሄዶ፣ መጠኑን ጠርቶ ነው። «የቻሉትን ያህል» ተብሎ የተጠየቀ ነጋዴ ካሰበው ያነሰ ይሰጣል። የኮሚቴው አባላት ራሳቸው ቀድመው ሰጥተው መሄድ አለባቸው፤ «እርስዎስ ስንት ሰጡ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል።

የቀረው 1 ሚሊዮን 100 ሺህ በአማካይ 500 ብር ቢሰጥ 2,200 ሰው ይጠይቃል። አካባቢው ላይ እያንዳንዳቸው 200 አባወራ ያላቸው ስድስት እድሮች ቢኖሩ ጠቅላላው 1,200 ነው፤ ሁሉም ቢሰጡ እንኳ አይሞላም። ይህ ወረቀት ላይ ሲታይ ወይ ከተማ ያሉ ተወላጆች ይታከላሉ፣ ወይ የትልልቆቹ ስጦታ ድርሻ ይጨምራል፣ ወይ ሥራው በሁለት ምዕራፍ ይከፈላል። ይህን ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ ከማወቅ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ የማስተላለፊያ ወጪ ነው። በዘ ዎርልድ ዘመቻ አማካዩ ስጦታ ከአንድ ዶላር በታች ነበር፤ የማተሚያውንና የመመዝገቢያውን ወጪ ጋዜጣው ስለቻለው ነው ያዋጣው። ጋዜጣውም በአንባቢ ብዛት ተጠቅሟል፤ በግልጽ እስከሆነ ድረስ ነውር የለውም። ዛሬ ያው ዘመቻ በካርድ ቢሠራ አይሆንም። ጎፈንድሚ የተባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። ከ85 ሳንቲም ላይ 32 ሳንቲም ገደማ ይሄዳል፣ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ከ5 ዶላር ላይ ወደ 9 በመቶ፣ ከ25 ዶላር ላይ ወደ 4 በመቶ ይሆናል። መፍትሔው ያ የሙአለ ሕፃናት ክፍል ያደረገው ነው፦ ትንንሹን በቡድን አጠራቅሞ፣ የስም ዝርዝር አባሪ አድርጎ፣ በአንድ ጊዜ መላክ። የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል፣ የታክሲ ተራ ማኅበር፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ፎቅ እያንዳንዱ አንድ ሰብሳቢ ይኑረው። አገር ቤት ያለውን ገንዘብ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲቀበሉ ሒሳቡ በግለሰብ ስም መሆን የለበትም፤ በማኅበሩ ስም ተከፍቶ ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ሲፈርሙ የሚወጣ ይሁን። ቶምቦላ ያሰበ ደግሞ ትኬት ከማሳተሙ በፊት ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይውሰድ።

በአዳራሽ እራት ላይ የሚጮኸው ቁጥር ሌላ ወጥመድ ነው። ጋዜጣው የሚያትመው የደረሰውን ገንዘብ ነበር፤ ቃል የተገባውን አይደምርም። ሦስት ዓምድ ይያዝ፦ የተከፈለ፣ ቃል የተገባ፣ በዓይነት የተሰጠ። ግንበኛ የሚቀጠረው በመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ነው። ለቃል የቀን ገደብና ስልክ ይጻፍበት፣ ፎርሙ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይሞላ፣ በሳምንቱ ይደወል። ወር ካለፈ በኋላ የሚደወል ስልክ ብዙ ጊዜ አይነሳም።

ድምሩ የሚለጠፍበት ቀንም ቋሚ ይሁን፤ በየእሑዱ ከሆነ ምንም ባይገባም በየእሑዱ። ሁለት ሳምንት ያልተለወጠ ሰሌዳ ሐሜት ይወልዳል። የገባው 3 ሺህ ብር ብቻ ቢሆንም «በዚህ ሳምንት 3 ሺህ፣ የቀረው ይህን ያህል» ብሎ መለጠፍ ዝም ከማለት ይሻላል።

ቤድሎ ደሴት ላይ ሥራው የተቀጠለው ድምሩ እስኪሞላ ሳይጠበቅ፣ ገንዘቡ መግባት ሲጀምር ነው። ያም ሆኖ መቆሚያው ያለቀው በኤፕሪል 1886 ነው፤ ሐውልቱ እስከዚያ በሣጥኑ ቆየ፤ ምረቃው ኦክቶበር 28 ሆነ። በጀቱን ቀድሞ የከለከለው ክሊቭላንድ በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆኖ ምረቃውን የመራው እሱ ነበር። ገንዘቡ በሞላና ሥራው ባለቀ መካከል ያሉት ወራት ሰጪው «የት ደረሰ?» የሚልበት ጊዜ ስለሆነ፣ ዘመቻው ካለቀ በኋላም በየወሩ ፎቶና የወጪ ዝርዝር የሚለጥፍ ሰው አስቀድሞ ይመደባል። ከዒላማው ያለፈው ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ለባርቶልዲ በብር የተሠራ ስጦታ መግዣ ሆነ። በእኛ ፎርም ላይ ትርፍ ከተገኘ ለምን እንደሚውል፣ ዒላማው ካልሞላ ደግሞ ገንዘቡ ተመላሽ ይሁን ወይም ወደ የትኛው ሥራ ይዙር፣ ሰጪው ከመፈረሙ በፊት በአንድ መስመር ይጻፍ።